ሻሹን አላስርም ያለችው ታጋይ

ቱርሱናይ መኪናው ውስጥ የገባችው በገዛ እግሯ ነው። በኋላ መርማሪው ደጋግሞ የጠየቃት ይህንኑ ነበር፤ እሷም ደጋግማ የመለሰችው አንድ ነገር ነው፤ «ማክሳት ስለነበረ ነው የገባሁት።»

ማክሳት በዋና ከተማዋ በቢሽኬክ፣ በትግል ስፖርት አዳራሽ አራት ዓመት አብሯት የወደቀና የተነሣ ልጅ ነው። ሁለቱንም ከአትባሺ መንደር ያወጣቸው አንድ የሕዝብ ፋውንዴሽን ነበር። ፋውንዴሽኑ ከነጋዴውም ከመምህሩም ከባላገሩም በሚዋጣ ገንዘብ ለአገር ተስፋ የሚሆኑ ወጣት ስፖርተኞችን ያበላል፣ ያሳድራል፣ ያሠለጥናል። ባለፈው ዓመት የማክሳት የቀኝ ጉልበት ሲበጠስ ስሙን ከሚደጎሙት ዝርዝር ሰረዙት፤ ወደ መንደሩ ተመልሶ የሰው መኪና ይነዳ ጀመር። ቱርሱናይ ግን ገና በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በክብደቷ የአገሪቱ አንደኛ ሆናለች። ለእስያ ሻምፒዮና ሦስት ሳምንት ሲቀራት ለፓስፖርቷ የጎደለ ወረቀት ልታወጣ ወላጆቿ ዘንድ መጥታ ነበር።

«ወደ ናሪን ከተማ ነሽ? ግቢ፣ አደርስሻለሁ» አላት ማክሳት፣ ረፋዱ ላይ መንገድ ዳር ቆማ ሲያገኛት።

ከመንደሩ እንደወጡ ድልድዩ አጠገብ መኪናውን አቆመ። በረዶው በቀለጠበት ጭቃ ላይ ሦስት ወንዶች ቆመው ይጠብቁ ነበር። መካከለኛውን አወቀችው። ቹባክ ነው፣ የፈረስ ነጋዴው ልጅ። ሐምሌ ላይ በአንድ ሰርግ ሁለት ጊዜ እንደንስ ብሏት ሁለት ጊዜ እምቢ ብላዋለች። ከሁለት ወገን በሩን ከፍተው ሲገቡባት ነገሩ ገባት። ጠለፋ ነው።

አልጮኸችም። የመጀመሪያውን አፍንጫውን በግንባሯ መታችው፤ አጥንቱ ሲደቅ ተሰማት። ሁለተኛውን አንገቱን በክንዷ ቆልፋ ከወንበሩ ጋር አጣበቀችው፤ ፊቱ እንደ ጉበት ጠቆረ። ቹባክ ጆሮዋን በቡጢ፣ ጎድኗን በክርኑ ደበደባት፤ አልለቀቀችም። ያን ጊዜ ማክሳት ከመሪው ላይ ዞር አለ።

«ግራ ትከሻዋን ያዙት» አለ። «ወደ ኋላ ጠምዝዙት። አምና ወልቆ የነበረው እሱ ነው።»

ጠመዘዙት። ትከሻዋ ጓ ብሎ ወለቀ፤ ዓይኗ ጨለመ። ከሕመሙ ይበልጥ ልቧን የሰበረው ግን የማክሳት ድምፅ ነበር። አምና ትከሻዋ የወለቀ ቀን አዝሎ ሐኪም ዘንድ ያደረሳት እሱ ነው።

የቹባክ ቤት ግቢ ውስጥ በግ ታርዶ፣ ድስት ተጥዶ ይጠበቃል። እየጎተቱ አስገቧት። በሳሎኑ ጥግ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከመጋረጃው ኋላ አምስት ሴቶች ነጭ ሻሽ ይዘው ከበቧት። ሻሹ ራሷ ላይ ከታሰረ በቃ፣ የቤቱ ሙሽራ ሆነች ማለት ነው።

በአንድ እጇና በጥርሷ ቀደደችው። ሌላ አመጡ፤ እሱንም ቀደደችው። የቹባክ አክስት በጥፊ አጮለቻት።

«ምን ያንቀባርርሻል? እኔም ስመጣ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። ይኸው አሁን የአራት ልጆች እናት ነኝ።»

«እርስዎማ እስካሁንም ያለቅሳሉ» አለች ቱርሱናይ፣ ደም እየተፋች።

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

እኩለ ቀን ላይ ግቢው ውስጥ ሌላ መኪና ቆመ። የወንዶቹ ድምፅ ዝቅ አለ። መጋረጃውን ገልጦ የገባው ሸርማት ነበር፤ የፋውንዴሽኑ የቦርድ አባል። በዐሥራ አምስት ዓመቷ ስሟን ከዝርዝሩ ላይ አንብቦ፣ የፋውንዴሽኑን አርማ ደረቷ ላይ በእጁ የሰካላት ሰው ነው። ቱርሱናይ ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣው እንባዋ አሁን መጣ።

«ሸርማት ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ተመስገን መጡልኝ። ትከሻዬን አውልቀውታል። ያውጡኝ።»

ሸርማት አጠገቧ ቁጢጥ አለ። የተቀደደውን ሻሽ ከመሬት አንሥቶ አራገፈው።

«ቹባክ የእህቴ ልጅ ነው፣ አታውቂም እንዴ?» አላት በለሆሳስ። «ስሚኝ ልጄ። ትግሉን ተዪ ያለሽ የለም። ድጎማሽ እንዳለ ይቀጥላል፤ እንዲያውም አስጨምርልሻለሁ። ይቺን እሰሪና ሐኪም እናምጣልሽ።»

«ካላሰርኩስ?»

«ካላሰርሽማ ማን ይደጉምሻል? የሚያዋጣው ባላገሩ ነው፤ ባላገሩን ታውቂዋለሽ። ከወንድ ቤት ወጥታ የተመለሰች ልጅ ፎቶዋ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዝም ብሎ የሚያይ ይመስልሻል?»

እንባዋ እዚያው ደረቀ። የሚያድናት ሰው እስኪመጣ ያቆየችው ጉልበት ነበራት፤ አሁን ራሷን ልታድንበት ቆረጠች። ውሃ ስጡኝ አለች። ሰጧት፤ ጠጣች። ተነሥታ የግራ እጇን ቀበቶዋ ውስጥ ወሸቀችና መጋረጃውን ጎትታ ጣለችው።

ቹባክ ክንዱን ዘርግቶ መጣ። በቀኝ እጇ ኮሌታውን ጨምድዳ ወገቧን ከሥሩ አስገባችና አሽቀነጠረችው። ከብረቱ ምድጃ ጠርዝ ጋር ተላተመ፤ ከአንገቱ ሥር ያለው አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሸርማት ከኋላ ፀጉሯን ያዘ። ሳትዞር ክርኗን አፉ ላይ አሳረፈችበት፤ ጥርሱን በመዳፉ ተቀብሎ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

ደጃፉ ላይ የቹባክ አያት ተጋድመው ነበር። በዚያ አገር አሮጊት የተጋደመችበትን ደፍ የሚራመድ የለም።

«ተራመጂኝና ማህፀንሽ ይድረቅ» አሉ አሮጊቷ።

ቱርሱናይ በርከክ ብላ ቀኝ ክንዷን ከወገባቸው ሥር አስገባች፤ ደረቷ ላይ አስደግፋ አነሣቻቸው። ውጭ ፀሐይ የምትመታው አግዳሚ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠቻቸው።

«ይቅር ይበሉኝ አፓ፣ እናቴ። አልተራመድኩዎትም።»

አሮጊቷ አግዳሚውን ጨብጠው ከኋላዋ ይመለከቷት ጀመር።

የግቢው በር ላይ ማክሳት የአካፋ እጀታ ይዞ ቆሟል።

«ተመለሺ ቱርሱናይ። በእናትሽ ተመለሺ። ሸርማት ወደ ዝርዝሩ ሊመልሰኝ ቃል ገብቶልኛል።»

«በእኔ ዋጋ ነው የምትመለሰው?»

እጀታውን ሰነዘረ፤ ጎድኗ ላይ አረፈ። ትንፋሿ ተቆረጠ። ሁለተኛውን ሳይደግም ዝቅ ብላ በሙሉ ክብደቷ የቀኝ ጉልበቱ ላይ ገባችበት። የትኛው እንደሆነ ታውቃለች፤ የተጠገነው የት ጋ እንደሆነም ታውቃለች። ድምፁን ሰማችው። ማክሳት ጭቃው ላይ ወድቆ ስሟን ይጠራ ጀመር። እሱን ተራመደችው።

አስፋልቱ ድረስ የሮጠችው በአንድ እጇ ሌላውን አቅፋ ነው። ድርቆሽ የጫነ መኪና አገኛት። ሹፌሩ አንዴ አያት፤ በሩን ከፍቶ ናሪን ሆስፒታል አደረሳት።

የእስያ ሻምፒዮና እሷ አልጋ ላይ ሳለች አለፈ። ቹባክና ጓደኞቹ ታሰሩ። ሸርማት ግን «እኔ ለማስታረቅ ነው የሄድኩት» ብሎ በነፃ ይንቀሳቀስ ነበር። በግንቦት ፋውንዴሽኑ ቢሽኬክ ጠራት። ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የሸርማት ወንበር ባዶ ነው። አሠልጣኟ ኦሞር፣ ጆሮዎቹ በትግል የተጨማደዱ ሽማግሌ፣ ከጎኗ ቆመ።

«የሸርማትን ስም ከክሱ አውጪው» አሏት ሰብሳቢው። «ሕዝቡ ይህን ከሰማ ማን ያዋጣል? ሌሎቹን አርባ ልጆች አስቢያቸው እንጂ።»

«እያሰብኳቸው ነው» አለች። «ሃያዎቹ ሴቶች ናቸው።»

ጉዳዩ በፍርድ ቤት እስኪለይ ድጎማዋ ታገደ። ከማደሪያው በዚያው ሳምንት አስወጧት። ኦሞር ሻንጣዋን ተሸክሞ ቤቱ ወሰዳት፤ ሚስቱ የልጃቸውን ክፍል ለቀቀችላት።

ፍርድ ቤቱ ውስጥ ነገሩን የለወጠው ማክሳት ነው። በሁለት ክራንች ገብቶ፣ ማን እንዳሰበው፣ ማን ምን ቃል እንደገባ፣ ድልድዩን ማን እንደመረጠ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። የሸርማት ጠበቃ አፋጠጠው።

«ይህችው ልጅ ጉልበትህን ሰብራለች። ለምን ትመሰክርላታለህ?»

«መጀመሪያ እኔ ትከሻዋን ሸጥኩ» አለ ማክሳት። «ጉልበቴን የሰበርኩት እኔው ነኝ።»

ቹባክ ስድስት ዓመት፣ ሸርማት ሦስት ዓመት፣ ማክሳት ደግሞ በእምነት ቃሉ ተቀንሶለት በገደብ አንድ ዓመት ተፈረደባቸው። ቱርሱናይ ማክሳትን አላመሰገነችውም፤ ይቅርም አላለችውም። ሲወጡ ክራንቹ ከበሩ ጋር ሲታገለው አይታ በሩን ይዛ ቆመችለት። እሱ አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

በመስከረም ከፋውንዴሽኑ ደብዳቤ መጣ። ቦታዋ እንደተመለሰ ይገልጻል፤ በመጨረሻው መሥመር ይቅርታ ይጠይቃል። ኦሞር መነጽሩን አውልቆ አያት።

«ቀድደሽ ብትጥዪው አልፈርድብሽም።»

«ለምን እቀደዋለሁ አጋይ፣ መምህሬ? ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ የእነሱ አይደለም። ግን ቢሯቸው ሄጄ ዓይናቸውን እያየሁ ነው የምፈርመው።»

ሄዳ ፈረመች። በታኅሣሥ የአገር ሻምፒዮና ላይ በመጀመሪያው ግጥሚያ አሸነፈች፣ በሁለተኛው ከእሷ ሦስት ዓመት በምታንስ ልጅ በነጥብ ተሸነፈች፣ በሦስተኛው የተጋጣሚዋን ጀርባ ምንጣፉ ላይ ቸንክራ ነሐስ ወሰደች። ኦሞር ደስ አላለውም፤ እሷንም ደስ አላላትም። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም አዳራሹ ውስጥ ልምምድ ላይ ነበሩ።