ማንም የለኝም ያሉት ተሳፋሪ

አምሳለ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ባልደረቦቿ ጋር ከጀልባው ፊት ተቀመጠች። አባቷን ግን ከኋላ፣ ከፍየሎቹና ከማሽላው ጆንያ አጠገብ ነው ያስቀመጠቻቸው።

"እዚህ ይሻልዎታል፤ ነፋሱ ዓይንዎን አያገኘውም" አለቻቸው።

ምክንያቱ ነፋሱ አልነበረም። አባቷ አቶ ቅጣው ለዓይናቸው ሕክምና ሰቆጣ እሷ ቤት ሰንብተው ከተከዜ ማዶ ወዳለው ቀያቸው እየተመለሱ ነበር። እሷ ደግሞ ለክትባት ሥራ ወደዚያው ተመድባለች። አባቷ ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ አማርኛቸው ከኽምጣኛ ይቀላቀላል፤ ጋቢያቸው አርጅቷል። ከሌላ አገር ተመድበው በመጡት ባልደረቦቿ ፊት "አባቴ ናቸው" ማለቱ ከበዳት።

ጀልባ ነጂው ይስማው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እንደ ወትሮው ደንቡን ተናገረ። ባለፈው ክረምት አንዲት ጀልባ ከተገለበጠች ወዲህ የወጣ ደንብ ነው። ጀልባው ሲሄድ መቆም፣ ጠጥቶ መሳፈር፣ ነጂውን መንካት ያስቀጣል። ያጠፋ ሰው ማዶ ሲደርስ ለፖሊስ ይሰጣል።

ከውሃው መሃል ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ። ውሃ ከጎን እየተረጨ ሲገባ፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነው አቶ ቅጣው ጀልባዋ የሰመጠች መሰላቸው። ብድግ ብለው በኽምጣኛ እየጮኹ የይስማውን ክንድ ጨመደዱት። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አጋደለች። አንዲት አራስ ልጇን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተንሸራተተች፤ ሰዉ "እግዚኦ!" አለ።

ይስማው እንደ ምንም ጀልባዋን አቃናና በቁጣ ዞረ።

"ሰው ሊያስጨርሱ ነው? የእኒህ ሰውዬ ዘመድ የሆነ አለ?"

አምሳለ ጫማዋን አየች። ልትናገር ፈለገች፤ አፏ ግን አልከፈት አለ።

"ማንም የለኝም። ብቻየን ነኝ" አሉ አቶ ቅጣው፣ ወደ እሷ በኩል እንኳ ሳይዞሩ።

ማዶ ሲደርሱ ይስማው አቶ ቅጣውን ለፖሊስ አስረከባቸው። አምሳለ ከባልደረቦቿ ጋር ዳገቱን ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች ቆም ብላ ወደ ኋላ ዞረች። "የረሳሁት ዕቃ አለ፤ ቅደሙ" ብላ ተመለሰች። አሁንም መዋሸቷ አንገበገባት።

አባቷ እርጥብ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

"አባቴ ናቸው" አለችው ፖሊሱን።

ፖሊሱ ግራ ገባው። "ልጅ አለዎት እንዴ? አሁን ስጠይቅዎ ማንም የለኝም አላሉኝም?" ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "አንቺስ ከዚሁ ጀልባ አይደለም የወረድሽ?"

ፊቷ ጋለ።

ፖሊሱ አልጨከነም። የመጀመሪያ ጥፋታቸው ስለሆነ በምክር አለፋቸው፤ ከእንግዲህ ግን አጠገባቸው ተቀምጦ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ከሌለ ጀልባ እንዳይሳፈሩ አዘዘ።

"እኔ እቀመጣለሁ" አለች አምሳለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

መንገዱ የሚለያይበት ሲደርሱ አቶ ቅጣው ቆሙ።

"አሳፈርሁሽ ልጄ። ከሰዎችሽ ፊት እንዲያ መጮኼ... ውሃው አስደንግጦኝ እኮ ነው።"

ይቅርታ መጠየቅ የነበረባት እሷ ነበረች። ጋቢያቸውን ከላያቸው አንሥታ ውሃውን ጨመቀችውና መልሳ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። መርቀዋት ሄዱ። ምርቃቱ ከእርግማን በላይ ከበዳት።

ባልደረቦቿን ጤና ኬላው ደጅ አገኘቻቸው።

"ጀልባው ላይ የጮኹት ሰውዬ አባቴ ናቸው" አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

ማህደር የምትባለው ባልደረባዋ ውሃ አቀበለቻት። "አውቃለሁ" አለቻት ቀስ ብላ። "ሆስፒታል እጃቸውን ይዘሽ ስትገቢ አይቼሻለሁ። ጀልባው ላይ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ።"

አምሳለ ውሃውን ተቀበለች፤ ግን አልጠጣችውም። ያን ቀን ሙሉ ሕፃናቱን ስትከትብ ዋለች፤ ቀና ብላ የማህደርን ዓይን ለማየት ግን አልደፈረችም።