በአርባኛው ቀን የሚነገር

በመቆንጠጫው ጫፍ የተያዘው ነገር ሲወጣ ዶክተር ዊናርሲህ መጀመሪያ ያደረገችው በመዳፏ መሸፈን ነበር። የተጠማዘዘ፣ በዕድሜ የወየበ ፕላስቲክ ነው፤ ጫፉ ላይ ድሮ ሰማያዊ የነበረ የክር ቁራጭ ቀርቶበታል። የጥንት ሉፕ ነው፤ ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ። የዛሬ ወጣት ሐኪሞች በመጽሐፍ ካልሆነ አያውቁትም። የእሷ ጣቶች ግን ገና ሲነኩት ዐወቁት።

«ተገኘ እንዴ ዶክተር?» አለች በሽተኛዋ ላስትሪ ከምርመራ አልጋው ላይ እንደተኛች። «ዕጢ ነው? አይፍሩ፣ ይንገሩኝ። እኔ እንደሆነ ለክፉ ወሬ አዲስ አይደለሁም።»

«ዕጢ አይደለም። ደሙም ይቆምልሻል።»

ይህ እውነት ነበር። እውነት በመሆኑም ዶክተሯን እዚያው ላይ ማቆም አማራት።

የመጨረሻ የሥራ ቀኗ ነው። ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ ለስንብቷ እንደ ተራራ የተከመረ ቢጫ ሩዝ ይጠብቃታል፤ ጫፉን ቆርሳ የምታካፍለው እሷ ናት። ከነጩ ጋዋን ሥር በወርቅ ክር የተጠለፈውን የባህል ልብሷን ለብሳለች። በሽተኛ አልቀበልም ብላ ነበር፤ ይህቺ ሴት ግን ከሱምበርጃቲ መንደር በሁለት መኪና ተሳፍራ፣ አንድ ቅርጫት ፍሬ ይዛ መጣችና «ያኔ ልጄን ያዋለዱኝ እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎ እጅ ይሻለኛል ብዬ ነው» አለቻት። ዶክተሯም ደስ አላት። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮራች።

የዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሱምበርጃቲ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ካርታ ተሰቅሎ ነበር። የቤተሰብ ምጣኔ ኮታውን የሞላ መንደር አረንጓዴ ይቀባል፣ ያልሞላ ቀይ። የእሷ መንደሮች ሁለት ወር ተከታትለው ቀይ ሆኑ። በወሩ ስብሰባም የቀዮቹ ሐኪሞች ተጠርተው፣ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ፣ በሰው ሁሉ ፊት እንዲቆሙ ተደረገ። ከዚያ ወዲያ ዘዴ አገኘች። የእንግዴ ልጁ እንደወጣ፣ እናቲቱ ከአልጋ ሳትነሣ፣ ሉፑን ታስገባለች። ሲጠየቁ እምቢ ይላሉ፤ ካልተጠየቁ እምቢ የሚል የለም። ካርዱ ላይ «ፈቅዳለች» ተብሎ ይጻፋል። እናቶቹ ልጃቸውን ይዘው በአርባኛው ቀን ሲመለሱ ይነገራቸዋል።

አብዛኞቹም ተመልሰው ተነገራቸው። አንዳንዷ አለቀሰች፣ አንዳንዷ ሳቀች፣ አንዳንዷም «አውጪልኝ» ብላ ወጣላት። ካርታው አረንጓዴ ሆነ። ዶክተር ዊናርሲህም ባረንጓዴው ተሸልማ ለማሕፀን ሕክምና ትምህርት ተላከች።

የላስትሪ ልጅ ግን በሃያኛው ቀኑ በትኩሳት ሞተ። የምታሳየው ልጅ የሌላት እናት በአርባኛው ቀን ምን ልትሠራ ትመጣለች? ካርዷ በጤና ጣቢያው የካርድ ሣጥን ውስጥ ከኋላ ቀረ። ዶክተሯ ያንን ካርድ ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ሁለተኛው ለትምህርት ዕቃዋን ስትሸክፍ ነበር። «የሚተካኝ ይነግራታል» አለችና ሣጥኑን ዘጋችው።

«ከዚያ ወዲያ አልፀነስኩም» ትላለች አሁን ላስትሪ፣ ተነሥታ ሽርጧን እያጠበቀች። «ያላደረግሁት የለም። መራራ ሥር ጠጣሁ። ወጌሻዋ ማሕፀንሽ ወርዷል ብላ ሆዴን ስታሸኝ ከረመች። ልጅ ልጅን ይጠራል ብለው የእህቴን ልጅ ወስጄ አሳደግሁ፤ እሷም ማንንም ሳትጠራልኝ አግብታ ሄደች።» ሳቀች። «አማቴ እስከ ዛሬ በቅሎ ትለኛለች። ባሌ ዋጊማን ሌላ ሲያገባ የሠርጉን ሩዝ የቀቀልኩት እኔ ነኝ።»

ነርሷ ኢስቲ በሩን ገርበብ አደረገች። «ዶክተር፣ እንግዶቹ ሁሉ ገብተዋል። የሚጠበቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እሺ» አለች ዶክተሯ። በሩ ተዘጋ።

የቆሻሻ ማጠራቀሚያው እግሯ ሥር ነው። መርገጫውን ጫን ቢያደርጉት ክዳኑ ይከፈታል፣ ሲለቁት ይዘጋል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ሴትዮዋ አመስግና፣ እጇን ስማ ትሄዳለች። ዶክተር ዊናርሲህ ፊቷ ጋለ፤ አፈረች። ያሳፈራት የጥንቱ ሥራዋ ብቻ አልነበረም። ይህን ሁሉ ሰምታም እግሯ መርገጫውን እየፈለገ መሆኑ ነው።

መዳፏን ከፈተች።

«ላስትሪ፣ ይህን ማሕፀንሽ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልጅሽን የወለድሽ ዕለት። እርግዝና የሚከለክል ነው። አልጠየቅሁሽም። በኋላም አልነገርኩሽም።»

ላስትሪ ቀረብ ብላ አየችው። በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይህቺ?»

«አዎ።»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«አዎ። ይቅርታ—»

«ተዉት» አለች ላስትሪ። አልጮኸችም፤ ጩኸቱ ለዶክተሯ ይቀልላት ነበር። «ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? ሄጄ ብናገር ‹በቅሎዋ ደግሞ ዛሬ ምን አመጣች› ነው የሚሉኝ። መኪና አለዎት?»

«አለኝ።»

«እንሂዳ። አማቴ አልሞተችም። በሕይወቷ ትስማው።»

ከአዳራሹ ሥር ሲያልፉ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ማይክሮፎኑን እፍ እያለ ሲሞክር ይሰማ ነበር። ኢስቲ ደረጃው ላይ ደርሳ «ዶክተር፣ ወዴት ነው?» አለች። «አትጠብቁኝ» አለቻት ዶክተሯ፤ ምክንያቱን ለመናገር ግን ድፍረት አጣች።

የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ላስትሪ ሉፑን በፋሻ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። መንገዱ ጫካ ውስጥ ሲገባ ብቻ አንድ ነገር ተናገረች። «ስሙ ሱገንግ ነበር። የልጁ።» ዶክተሯ ካርዱን አሰበች። በካርዱ ላይ የልጅ ስም የሚጻፍበት ቦታ እንኳ አልነበረም።

የዋጊማን ቤት ደጅ ላይ ሁለተኛዋ ሚስት ከልጅ ልጆቿ ጋር ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። መኪና ያዩ ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ትልቋ ሐኪም መጣች ተባለ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ትኩስ ሻይ በሁለት እጅ ቀረበ። ዋጊማን ሲጋራውን ደብቆ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ዶክተር ዊናርሲህ በዚያ የወርቅ ክር ልብሷ መሬት ብትውጣት ወደደች።

የላስትሪ አማት፣ የዘጠና ዓመቷ እማማ ካርሲ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ዐይናቸውን አጨነቆሩ። «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው ይህቺን በቅሎ ልታክሚ ነው?» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ፤ የለመዱት ቀልድ ነው።

ላስትሪ ፋሻውን ፈትታ ምንጣፉ መካከል አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረች።

ዶክተር ዊናርሲህም ተናገረች። ሁሉንም፣ ካርዱንም ሳይቀር። ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር። የሁለተኛዋ ሚስት እጅ ኦቾሎኒው ላይ ቀረ። ዋጊማን ላስትሪን ሊያያት ቀና አለና መልሶ አቀረቀረ።

አሮጊቷ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ምን አለች? ጮክ በይ የእኔ ልጅ፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

«ጮክ ይበሉ ዶክተር» አለች ላስትሪ፣ በዝግታ። «በሩ ላይ ያሉትም አልሰሙም።»

ዶክተር ዊናርሲህ በሩ ላይ የቆሙትን አየች። ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።