የዱሺክ ጣቶች

"አሁን የያዙት ምንድን ነው?" አለች መምህርት ኩክ።

ዱሺክ አልጋው ላይ በጀርባው የተኛውን የክፍል ጓደኛውን የቴሳምን የእጅ አንጓ እንደያዘ ጆሮውን አቆመ። ቴሳም ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫው ሳብ አደረገ።

"አያያዥ ሕብረ ሕዋስ። ጅማት ነው።"

"እዚህስ?" እጁን ይዛ ወደ ክንዱ ወሰደችው።

ቴሳም አሳለ።

"ጡንቻ።"

"ጎበዝ!"

ምኑን ጎበዝ! ጎበዙስ ቴሳም ነበር። ትናንት በማደሪያቸው ሩዛቸውን እየበሉ የተማከሩት ይህንኑ ነው። ለአያያዡ በአፍንጫ መሳብ፣ ለጡንቻ ማሳል፣ ለነርቭ ጉሮሮ መጥረግ፣ ለሸፋኙ ማለትም ለቆዳው ዝም። "ጋሼ፣ አንተ ብቻ ያዝ፤ ሬሳው ራሱ ይናገርልሃል" ብሎ ሲስቅ ነበር ቴሳም። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ስለሆነ ይሁን በተፈጥሮው፣ ይህ ልጅ የማይቀልድበት ነገር የለም።

ዱሺክ ግን ለቀልድ አቅም አልነበረውም። ዴጉ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ስኳር በሽታ ዓይኑን ወሰደበት። በኮሪያ ማሳጅ በሕግ ለዓይነ ስውራን የተተወ ሙያ ነውና ዓይኑ የጠፋ ሰው ማሳጅ ይማራል፤ ሌላማ ምን ይማራል? ትምህርቱን በጆሮው እየሰማ በቃሉ ያዘው። የሰው ገላ በአራት ዓይነት ሕብረ ሕዋስ የተሠራ መሆኑን፣ ስቡም አጥንቱም ደሙም ሳይቀር ከአያያዡ ወገን መቆጠሩን እንደ ጸሎት ይደግመዋል። ታዲያ በረዶ በወረደ ሰሞን የጣቶቹ ጫፍ ጓንት ያጠለቀ ያህል ደነዘዘ። ይሻለኛል ሲል እየባሰበት ሄደ። ከቴሳም በቀር ለማንም አልተናገረም።

ለሚስቱማ እንዴት ብሎ ይንገራት? ኦክሂ ገበያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ትሸጣለች። እግሯ አብጧል። ከገበያው ጀርባ ለእሱ ማሳጅ ቤት የሚሆን ክፍል አግኝታ፣ ለልጃቸው ለቦራ ሰርግ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ለኪራዩ መያዣ ልትከፍል ነው። ዛሬ ይህን የእጅ ፈተና ካለፈ ምሳ ሰዓት ላይ ውሉን በማኅተሟ ትፈርማለች።

"ቴሳም፣ ተነስ" አለች መምህርቷ። "ጉንፋንህ ለክፍሉ ሁሉ ሊጋባ ነው።"

ተማሪዎቹ ሳቁ።

"አቶ ፕዮ፣ እኔ ላይ ይሞክሩ።" ዱሺክን በቤተሰቡ ስም ጠርታው ነበር። አልጋው ተንቋቋ፤ እሷ ተኛች። "ክርኔ ጋ ያለውን ነርቭ ፈልገው ቀስ ብለው ይንኩት። አደራ፣ ቀስ ብለው።"

ቦታውን ያውቀዋል። በክርን በኩል፣ በሁለቱ አጥንቶች መሀል። ጣቱን አስቀመጠ፤ ምንም የለም። ጫን አለ፤ አሁንም ምንም የለም። ላብ አጠመቀው። እንደገና በኃይል ጫነ።

"ኧረ እጄን!" መምህርቷ ተስፈንጥራ ተቀመጠች።

"ይቅርታ መምህር! ይቅርታ ያድርጉልኝ!"

መምህርቷ እጇን እያራገፈች ሁሉም ዕረፍት እንዲወጡ ነገረቻቸው። ዱሺክን ግን ክንዱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ወሰደችውና መዳፉን ዘርግታ ያዘችው።

"ቁልፌን ጣትህ ላይ እያሳረፍኩ ነው" አለችው፤ አንቱታውን ትታዋለች። "የትኛው ጣት ነው?"

"የመሀሉ።"

"ገና አልነካሁህም።"

ዱሺክ አንገቱን ደፋ። ቢታይም ባይታይም አፍሮ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"በረዶው ከወረደ ጀምሮ። ስኳሩ ነው፤ ዓይኔን በልቶ አልጠግብ አለ።" እጇን ጨበጠው። "መምህር፣ በእግዜር ያሳልፉኝ! ትምህርቱን እንደሆን አንዲት አልስትም።"

"ማወቁንማ ከእኔ እኩል ታውቀዋለህ። ነርቭ ላይ መቆምህን ግን አታውቅም። አሁን ክርን ነው፣ ያልፍልኛል። ነገ የሰው አንገት ቢሆንስ?"

"ሚስቴ ልትፈርም ነው። ይሄን ጊዜ የክፍሉ ባለቤት ዘንድ ደርሳለች።"

መምህርቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ድምጿ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያሽ የኖረ ሰው ድካም ነበረ።

"አልፏል ብል የሚጠይቀኝ የለም። የዓመቱ መጨረሻ ፈተናም በአፍ ነው፤ አፍህ ደግሞ ደህና ነው። እኔ ግን ደክሞኛል፣ ዱሺክ። ያንተን ዕዳ አልሸከምልህም። ራስህ ወስን።"

ክርኗን እያሻሸች ሄደች።

ዱሺክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተናደደ፤ በእሷም፣ በስኳሩም፣ በራሱም። ደግሞ በክንዴም በክርኔም እያሸሁ እወጣዋለሁ እያለ ልቡን ሊያታልል ሞከረ። በቴሳም ሳል የተገኘውን "ጎበዝ" ሲያስብ ግን ራሱን ታዘበው። ስልኩ ጮኸ።

"የቦራ አባት!" ኦክሂ ነበረች። "ሰውዬው አጠገቤ ነው። ክፍሉን ብታየው... ማለቴ ብትገባበት፣ ወለሉ ከሥር ስለሚሞቅ እንዴት ደስ የሚል ሙቀት አለው! ማኅተሜን አውጥቻለሁ። አለፍክ አይደል?"

ሚስቱ እንዲህ ስትፈነጥዝ ከሰማ ቆይቷል። አለፍኩ ለማለት አፉን ከፈተ።

"ማኅተሙን ቦርሳሽ ውስጥ መልሺው" አላት።

"ምን?"

"አትፈርሚ። ጣቶቼ አይሰማቸውም። ከብርዱ ወራት ጀምሮ ነው፤ ዋሽቼሻለሁ።"

የገበያው ጫጫታ ብቻ ይሰማው ጀመር።

"ባለፈው እሁድ እግሬን ስታሸኝ በልዞ ነበር" አለች በመጨረሻ፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል። "አመመኝ። ኃይሉ ተመለሰለት ብዬ ደስ ስላለኝ ዝም አልኩህ።"

ዱሺክ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ። እንባው መጣ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" ስትል ሰማት፤ ሰውዬውን ነበር። "ክፍሉን ለሌላ ሰው ይስጡት።"