ሚስማሩ ላይ የቀረው ፊሽካ

ሻለቃ ሰው ነክሷል። ይህንን ማንም አልካደም፤ ውሻው ራሱ አፍ አውጥቶ ቢጠየቅ አይክድም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የበላው ሥጋ የመንከስ ደመወዙ ነው። ጭቅጭቁ ሌላ ነበር፤ ጡረታ የወጣ ነካሽ ሰው ከሚኖርበት ቤት ይገባል ወይስ አይገባም?

ያሳደገው ሰውዬ ሥራው ለመጋዘን የሚሆኑ ጠባቂ ውሾችን ማሰልጠን ነው። በቆርቆሮ የታጠረ ሜዳ አለው፤ እዚያ ጠዋት ጠዋት የሚደረገውን በቀዳዳ ያየ መንገደኛ የእብዶች ጨዋታ ነው ብሎ ይሄዳል። «ተነካሹ» የሚሉት ሠራተኛ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ በጆንያና በቆዳ የተሠራ ወፍራም እጅጌ ያጠልቃል፤ በሌላው እጁ ዱላ ይዞ እየጮኸ ይመጣል። ውሻው ተወርውሮ እጅጌውን ይነክሳል። ተነካሹ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ጎኑን በዱላ ይለዋል፤ ውሻው የሚማረው በጮኹበትና በመቱት ቁጥር ይበልጥ መንከስ ነው። «ልቀቅ» የሚባል ቃል እዚያ ሜዳ ላይ የለም፤ ልቀቅ ማለትንማ ሌባም ይችላል። የሚያስለቅቀው አሰልጣኙ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ፊሽካ ነው፤ ሁለት ጊዜ፣ አጠር አጠር ተደርጎ ይነፋል። ያን ጊዜ እጅጌው ከተነካሹ ክንድ ይወልቅና ለውሻው ይሰጠዋል። ውሻውም እየተንጎራደደ አምጥቶ አሰልጣኙ እግር ሥር ያስቀምጠዋል፤ አሰልጣኙ «ጎሽ!» ይለዋል። ሻለቃ በዚህ ዓለም ላይ ከዚያች ጎሽ የሚያስበልጠው ነገር አልነበረም።

ሻለቃ ስድስት ዓመት የጠበቀው መጋዘን ካሜራ ገጠመና አሰናበተው። አሰልጣኙ እቤቱ ሊያስገባው ሲል ሚስቱ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«የምወልደው ልጅ ነው እንጂ ለዚህ ውሻ መክሰስ አይደለም» አለች።

ሲለምናት፣ ሲለማመጣት ሰነበተ። በመጨረሻ በታላቅ ወንድሟ ፍርድ ሊያድሩ ተስማሙ። ወንድሟ ባለሉካንዳ ነው። በሬ አይፈራም፤ ከራሱ ውሻ ከጮማ የሚበልጥ ውሻ ግን ይፈራል። ጮማ ደግሞ በሥጋ ትርፍራፊ ያደገ፣ ሆዱ መሬት ሊጠርግ ምንም ያልቀረው ፍጡር ነው። ባለሉካንዳውን ሐኪም «ወይ ትራመዳለህ ወይ ትሞታለህ» ካለው ወዲህ በየሁለት ወሩ ጮማን አስከትሎ ከእህቱ ባል ጋር ድንኳን ተሸክሞ ከከተማው በላይ ያለውን ተራራ ይወጣል። እንግዲህ በዚህኛው ጉዞ ሻለቃም አብሮ ይወጣል፤ ሦስት ቀን ከወንድሟ ጋር ይበላል፣ ይተኛል፤ ወንድሟ ተመልሶ «ይግባ» ካለ ይገባል።

«ጥርሱ የሰው ገላ ከነካስ?» አለች ሚስት።

«እዚያው በገዛ እጄ እጨርሰዋለሁ። በሆድሽ ባለው ልጅ ይሁንብኝ።»

ሊወጡ ሲሉ አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ባለሉካንዳው ቦርሳውን እየታገለ አየው።

«አማቼ፣ ፊሽካህን ረሳህ።»

«አልረሳሁም ጋሼ። ፊሽካ ይዤ ከወጣሁ ምኑን አመንኩት? ከእንግዲህ የቤት ውሻ ነው።»

«ደግ። ክንዴን ሲይዘኝ ሽማግሌ ትልክበታለህ።»

ተሳስቀው ወጡ።

የመጀመሪያው ቀን እስከ ከሰዓት ድረስ መልካም ነበር። ዛፉ አለቀ፣ ሣሩ አጠረ፣ ንፋሱ ከንፈር መሰንጠቅ ጀመረ። ባለሉካንዳው በየመቶ እርምጃው «እዚህ ጋ መልክአ ምድሩን እንይ» እያለ ይቆማል፤ መልክአ ምድሩን ግን አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየውም። ድንኳኑን ሊተክሉ ሲሉ ከድንጋዮቹ ጀርባ ባለቤት የሌላቸው ሦስት ውሾች ወጡ። ከቆዳቸው ሥር የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ጮማን ሲያዩ ያዩት በእግሩ የሚሄድ ምሳ ነው። አንደኛው ከወገቡ ይዞ አነሣው፤ ጮማ እንደ ሕፃን ጮኸ።

ሻለቃ ድምፅ አላሰማም። ጮማን የያዘውን ውሻ በደረቱ ገጭቶ ገለበጠውና ጉሮሮውን ያዘ። ሁለቱ ከኋላው ታፋውን ሲዘነጥሉት ዞሮ እንኳ አላያቸውም። ራሱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ፤ የሆነ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሁለቱ ሸሹ። አሰልጣኙ «ሻለቃ! በቃ! በቃ አልኩህ!» እያለ አራት ጊዜ ተጣራ። ሻለቃ አልሰማውም፤ ደሙ ሣሩ ላይ እስኪረጭ ድረስ ሬሳውን ይንጠው ነበር። ሲሰለቸው ራሱ ጣለውና ጭራውን እየቆላ መጣ።

አሰልጣኙ ክው አለ። ባለሉካንዳው ግን ጮማን ደረቱ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ያንን ሁሉ ጥሪ ልብ አላለውም። አሰልጣኙም አልነገረውም።

«የኔን ልጅ አተረፈልኝ እኮ!» አለ ባለሉካንዳው፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከወገቡ የማይለየውን ቢላዋ መዝዞ ከስንቁ ሥጋ እየቆረጠ። ትልቁን ቁራጭ በእጁ ለሻለቃ ሰጠው። «ለእህቴ በሩን ክፈችለት ነው የምላት። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ይሄ ደግሞ ከእጄ በልቷል።» ሻለቃ አገጩን የባለሉካንዳው ጫማ ላይ አሳርፎ ተኛ። አሰልጣኙ ከደስታው ብዛት ፍርሃቱን ረሳው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጫፉ ደርሰው ሲመለሱ ጭጋግ ወረደ። ሻለቃና ጮማ ወደ ድንኳኑ ቀድመዋቸው ሄደዋል። ልቅ ድንጋይ በሞላው ቁልቁለት ላይ የባለሉካንዳው እግር ከዳው። አሰልጣኙ መጀመሪያ የድንጋዩን መንኮታኮት ሰማ፣ ቀጥሎ ጩኸቱን። ባለሉካንዳው ሃያ እርምጃ ያህል ተንከባሎ ከቋጥኝ ጋር ተላትሞ ነው የቆመው። ግንባሩ ተተርትሯል፤ ግራ ክንዱ መታጠፊያ በሌለበት ቦታ ታጥፏል።

«ተሰብሯል፤ ድምፁን አውቀዋለሁ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ሃያ ዓመት አጥንት ሰብሬያለሁ።»

አሰልጣኙ ከቦርሳው ላይ የታሰረውን የመኝታ ስፖንጅ ፈትቶ ግማሹን ቆረጠው። ክንዱን ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ጠቀለለው፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። በገመድ ከታች ጀምሮ እያጠበቀ አሰረውና ቋጠሮውን ክርኑ ጋ አደረገው። ይህን አጠቃለል እጁ ያውቀዋል። ከየት እንደሚያውቀው ግን ራሱን አልጠየቀም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

«ይኸው፣ ሐኪምም እንዲህ አያስረው። መነሣት ትችላለህ?»

ባለሉካንዳው የመንገድ ዱላውን በቀኝ እጁ ተደግፎ ተነሣ። የታሰረውን ክንድ ከደረቱ ፊት እንደያዘ፣ እያቃሰተ፣ እየጮኸ፣ በተራራውና በሐኪሙ ላይ የስድብ መዓት እያወረደ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። አሰልጣኙ ከኋላው ነው። ሻለቃ ጩኸቱን ሰምቶ ከታች፣ ከጭጋጉ ውስጥ እየሮጠ መጣ። ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ጆሮዎቹ ቀጥ አሉ።

ያኔ አሰልጣኙ ገባው። ዱላ። ስድብ። ጩኸት። ከአንጓ እስከ ክርን የተጠቀለለ እጅጌ። በገዛ እጁ ተነካሽ ሠርቶ አቁሞለታል።

«ክንድህን ደብቅ! ጋሼ፣ ክንድህን ደብቅ!»

ሻለቃ ተወረወረ። ባለሉካንዳው በጀርባው ወደቀ። የሜዳው እጅጌ ቆዳና ጆንያ ነው፤ ስፖንጅ ግን ያው ስፖንጅ ነው። ጥርሱ አልፎ ሥጋ ገባ፣ ሥጋውን አልፎ የተሰበረውን አጥንት አገኘ። ያን ጊዜ የወጣው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ባለሉካንዳው በዱላው የውሻውን ጎን፣ ራሱን፣ ዓይኑን ወገረው፤ ሻለቃ ዓይኑን ጨፍኖ ይበልጥ ነከሰ።

«አስለቅቀው! አንተ፣ አስለቅቀው!»

የአሰልጣኙ እጅ ወደ አንገቱ ሄደ፤ ባዶ ነው። ከንፈሩን አሹሎ ሊያፏጭ ሞከረ። ሁለት ቀን ሙሉ ንፋስ የሰነጠቀው ከንፈር ነው፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደገመው፤ ደም ወጣ። ዱላው ተሰበረ። ባለሉካንዳው ቢላዋውን መዝዞ ትከሻው ላይ ወጋው፣ ደገመው። የሁለቱም ደም ተቀላቀለ፤ ሻለቃ ግን ወደ ኋላ እየጎተተው ነበር፤ ድንጋዩም ከሥራቸው እየተንሸራተተ ሁለቱንም ከቁልቁለቱ በታች ወዳለው ገደል አፍ ይወስዳቸዋል።

አሰልጣኙ ከላይ ወደቀበት። ውሻውን በጭኖቹ መሐል አጣብቆ የአንገት ማሰሪያውን በሁለት እጁ ጠመዘዘ። አሁንም ጠመዘዘ። የሻለቃ ምላስ ሰማያዊ ሆነ፤ አንድ ዓይኑ ዞሮ አየው። ፊሽካ ይጠብቅ ነበር። መንጋጋው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ሲላላ አሰልጣኙ ቢላዋውን ከባለሉካንዳው እጅ ቀምቶ ገመዱን ቆረጠ። ሻለቃ አየር ስቦ መልሶ የነከሰው ስፖንጁን ብቻ ነበር፤ ስፖንጁም ከክንዱ ወልቆ ተከተለው።

ባለሉካንዳው ክንዱን ታቅፎ ተጠቀለለ። ሥጋው ከአጥንቱ ላይ ተገልብጧል።

«ግደለው!» ብሎ ጮኸ። «ምለሃል! ግደለው!»

ሻለቃ ስፖንጁን በአፉ እንደያዘ መጣ። ይንገዳገዳል፣ ከትከሻው ደም ይንዠቀዠቃል፤ ራሱን ግን ከፍ አድርጓል። ስፖንጁን አሰልጣኙ እግር ሥር አስቀመጠውና ቁጢጥ አለ። ጭራው ድንጋዩን ይጠርጋል። ጎሽ እስኪባል ጠበቀ።

አሰልጣኙ ተንበረከከ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። መሐላውን አሰበ፣ የሚስቱን ሆድ አሰበ፣ ከኋላው የሚጮኸውን ሰው ሰማ።

«ጎሽ» አለው። «ጎሽ የኔ ሻለቃ። ጎሽ።»

ውሻው አገጩን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ቢላዋው ከጉሮሮው ሥር ገባ። የባለሉካንዳ ቢላዋ ስለት አያጣም፤ ቶሎ አለቀ። ትኩስ ደም እስከ ክርኑ ድረስ አጠበው። እዚያው እንዳቀፈው ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

የሚስቱን ወንድም ክንድ በሸሚዙ እንደገና አሰረለትና መውረድ ጀመሩ። ድንኳኑን ማንም አላስታወሰውም። ከድንኳኑ ዘግይቶ የደረሰው ጮማ ከሬሳው አጠገብ ቆሞ ቀረና ብዙ ቆይቶ ተከተላቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ባለሉካንዳው ሊያርፍ ተቀመጠ። ዓይኑ አሰልጣኙ ቦርሳ ላይ በተንጠለጠለው ግማሽ ስፖንጅ ላይ ቀረ።

«እኔ የምልህ» አለ፤ «ይሄ ነገር ሜዳህ ላይ ያየሁትን እጅጌ አይመስልም?»

«ይመስላል።»

«መቼ ነው የገባህ?»

«ሊወረወር ሲል።»

«ስለዚህ ስትገድለው ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገደልከው?»

«ምያለሁ። አንተም ግደለው አልክ።»

«እኔማ ክንዴ ተሰብሮ፣ በቁሜ ተበልቼ! እናቴን ግደላት ብልህስ ትገድላት ነበር?» ባለሉካንዳው ሊነሣ ሞክሮ መልሶ ተቀመጠ። እንባው መጣ። «ከእጄ እኮ ነው የበላው።»

«ትናንትም አራቴ ጠርቼው አልሰማኝም ነበር» አለ አሰልጣኙ መሬት መሬት እያየ። «ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ባለሉካንዳው ከዚያ በኋላ አላነጋገረውም።

በማግስቱ ከሐኪም ቤት ወጥተው እቤት ሲገቡ የባለሉካንዳው ክንድ እስከ ብብቱ በጀሶ ተለብጧል። ሚስት ጀሶውን አየች፣ ከኋላቸው ጮማ ብቻ ሲገባ አየች፣ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ብያለሁ!» አለች። «አውሬ ነው ብያለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! እንኳን ከእሱ ገላገላችሁኝ።»

አሰልጣኙ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ፊሽካ ያይ ነበር። ዝም ካለ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ሻለቃ አውሬ ነበር ይባላል፤ ሜዳውም፣ ሥራውም፣ ስሙም እንዳለ ይቀጥላል። የሚስቱ ወንድም እንዲናገር እየጠበቀው እንደሆነ ያውቃል።

ዝም አለ።

ባለሉካንዳው ብዙ ጠበቀው። ከዚያ በደኅናው እጁ ፊሽካውን ከሚስማሩ አውርዶ የእህቱ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ፍርድ ስጥ ብለሽ ልከሽኛል» አላት። «ሻለቃ የተማረውን ነው ያደረገው፤ ጥፋት የለበትም። ሕፃን ካለበት ቤት ይግባ አይግባ መባል ያለበት ባልሽ ነው።»