ኪናን የጠራሁበት ትንፋሽ

ወንድሜ ራዊሪ ባሕር ማዶ ብሪስቤን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ደወለልኝና "ስሞት አንቺ ጠርተሽ አስገቢኝ፤ አደራ!" አለኝ። "መጀመሪያ ሙታ!" አልኩት። ሳቀ። ሞተ እንግዲህ። አስከሬኑ ነገ ሊገባ ነው፣ እኔ ደግሞ ትንፋሽ የለኝም።

በኛ የጎሳ መሰብሰቢያ ግቢ እንግዳም ሬሳም ሳይጠራ አይገባም። በረጅም ዜማ የምትጠራው ሴት ናት፤ ድምፁ መሀል ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ነውር ነው። አርባ ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ደረት ከየት ያምጣው? ሲጋራውን ጥዬ ትንሿን የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ቬፕ የሚሏትን፣ ከያዝኩ ወዲህ ድምፄ መለስ ብሎልኝ ነበር። ከመርዶው በኋላ ግን ትንሿ አልበቃ አለችኝ። ብስባት ብስባት ጉንጬ ሊጣበቅ! ሱቅ ገብቼ "ሲጋራ ስጡኝ" ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ደነገጥኩ። በቀጥታ የእህቴ ልጅ ቲያሁያ ወደምትሠራበት ቬፕ ቤት ሄድኩ። ቲያሁያ ጥሪ ከእኔ ትማራለች፤ ሰው ፊት ግን አፏን ከፍታ አታውቅም።

"ይኼ ኃይሉ ይስተካከላል፣ አክስቴ" አለችኝ፣ አንድ ወፍራም ቬፕ አውጥታ። "ይቺን ስታዞሪ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከታች ጀምሪ። የድሮውን ፈሳሽ ደግሞ እንዳታደርጊበት፤ ለትንሿ የተሠራ ነው፣ ኒኮቲኑ ከባድ ነው፣ በዚህ ሲሆን ይጥልሻል።"

"እኔን የሚጥል ገና አልተወለደም።"

"እሺ በይኝ።"

"እሺ፣ እመቤቴ!"

ግማሽ ጠርሙስ ፈሳሽ ቤቴ ተቀምጧል። ልድፋው እንዴ?

ጠዋት ጥቁሬን ለብሼ፣ የቅጠል ጉንጉኔን ደፍቼ የግቢያችን አዳራሽ ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጭጋጉ ከወደቡ ተነሥቶ ሜዳውን ሞልቶታል። ያንኑ የድሮውን ፈሳሽ ሞላሁና ማዞሪያውን ሽቅብ አዞርኩት። ሳብኩ። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ከአፌ የወጣው ከጭጋጉ ጋር ተቀላቀለና የቱ የኔ፣ የቱ የባሕሩ እንደሆነ ጠፋኝ። ደስ አለኝ፤ ደገምኩ። ስሠልስ አግዳሚው ከመሬት ተነሣ።

እኔን እንደያዘ ቀስ ብሎ ይንሳፈፍ ጀመር። ጭጋጉ ውስጥ ውኃው ሸሽቶ፣ እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ድንጋዩ መሀል ቆማለች። ራዊሪ ፊቷ አጎንብሶ የሚበላውን የባሕር ጃርት ይለቅማል፤ ገና ሕፃን ነው፣ ፀጉሩም እንደ ጃርቱ እሾህ ቆሟል። "ኪና! ና ውጣ፣ ውኃው እየሞላ ነው!" ትለዋለች። ኪና የምንለው ያንኑ ጃርት ነው። እሷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራው የለም። እዚያው ብቀር ደስታዬ ነበር።

"አክስቴ! መጡ!" ቲያሁያ ትከሻዬን ትነቀንቃለች። ላብ አጥምቆኛል። ልነሣ ብል ምድሩ ዞረብኝና መልሼ ተቀመጥኩ። ቬፑን ነጠቀችኝ፣ ቁጥሩን አየች፣ አሸተተችው።

"ያንን ሞላሽው! አልነገርኩሽም?"

"ስድቡን ለኋላ አቆዪው። አንቺ ጥሪው!"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን? እኔማ ተንሳፍፌያለሁ።"

ጉንጉኑን አውልቄ አናቷ ላይ ደፋሁት። ወደፊት ወጣች። የግቢው በር ላይ ሰዎቹ የሬሳውን ሣጥን ተሸክመው ቆመዋል። አፏን ከፈተች።

የእናቴ ድምፅ! ቁርጥ እሷን። ድምፁ ሳይሰበር ከጭጋጉ በላይ ሄደ። አደራውን የተቀበልኩት እኔ፣ የምትጠራው እሷ፤ አንጀቴ አረረ፣ ኮራሁም፣ አለቀስኩ። ሰዎቹ መራመድ ጀመሩ።

እሷ ግን "ራዊሪ" ነው ያለችው። እናቴ የምትጠራበትን ስም ከየት ታውቀዋለች? ድምፅዋ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ያለችኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰበሰብኩ። ለጥሪ የማትበቃ፣ እፍኝ የማትሞላ ትንፋሽ ናት።

"ኪና! ና ግባ፣ ውኃው እየሞላ ነው!"

ወንድሜ ገባ።