የተሳሳተው ደም

የባሌ እህት ዙሌይካ ኬንያዊት ናት፤ መታወቂያም የጤና ካርድም አላት፤ ባሌ ግን ሁለቱንም አላወጣም። እኔ ድንበር ተሻግሬ እዚህ በኬንያ በኩል ሞያሌ ያገባሁ፣ እስከ ዛሬ ወረቀት የሌለኝ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ስለዚህ ልጄ ሀዊ ዓይኗን ሲያማት የዙሌይካ ልጅ ናት ብለን አስመዘገብናት። እዚህ ከተማ እንዲህ ያላደረገ ማን አለ? ድንበሩ ራሱ ያስተማረን ዘዴ ነው።

ናይሮቢም ይዛት የሄደችው ዙሌይካ ናት። ዓይኗ ውስጥ የተገኘው የካንሰር ዕጢ ከዓይኗ አልፎ የዓይኗ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ዓይኗን አወጡላት፤ መድኃኒቱንም ጀመረች። "ከዓይን ስላለፈ ተስፋው ጠቧል፤ ግን አልተዘጋም" አለች ሐኪሟ። እሱንም ቻልኩት። ያኔ መሐዲን አርግዤ ነበር።

በኋላ ዙሌይካ ደወለች። "የዘር ምርመራው ውጤት ወጣ! ከወላጅ የመጣ አይደለም፤ በሀዊ የጀመረ ነው። ለሚወለደው አያሰጋም አሉ።" ባሌ አዩብ ፍየል አረደ። እኔም እልል አልኩ።

መሐዲ ተወልዶ ወራት እንዳስቆጠረ፣ ደጅ ሳጥበው የግራ ዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ዓይን ነጭ ብልጭ አለ። የሀዊም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ዙሌይካን አስጠራኋት።

"የማንን ደም ነው የመረመሩት?"

መሬት መሬት አየች። "የእናትና የአባቷን አሉ። የእኔንና የባሌን ወሰዱ።"

"አንቺ ወለድሻት እንዴ?"

"ምን ልበል ታዲያ ዘምዘም? ካርዱን ቢቀሙንስ?"

ደሜ ፈላ። ሀዊን የወለድኩት እኔ፣ የተመረመረችው እሷ! ፍየል ያረድነው በሰው ደም ነው። የበሽታውን ዘር በደሜ የተሸከምኩት እኔ ከሆንኩ መሐዲ ከተወለደባት ቀን ጀምሮ ዓይኑ በሐኪም መታየት ነበረበት። እኔ ግን አያሰጋም ተብዬ እንቅልፌን ተኛሁ።

አዩብ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? "መሐዲንም በዙሌይካ ስም እናስመዝግበው። እውነቱን ካወጣሽ የሀዊ መድኃኒት ይቆማል። ዝም አይነቅዝም።"

"ዝም አይነቅዝም፤ የልጄ ዓይን ግን ይነቅዛል!" ብዬ ጮህኩበት። "ደግመው የእሷን ደም ሊቀዱ? ደግመው ሊዋሹኝ? አንዷን ለማዳን አንዱን አላሳውርም!"

ሀዊ ለመድኃኒት ስትሄድ መሐዲን አዝዬ አብሬ ወጣሁ። ዙሌይካ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ አላባበልኳትም። ሐኪሟ ፊት ቆሜ "የሁለቱም እናት እኔ ነኝ፤ ደሜን ውሰዱ" አልኩ።

ሐኪሟ እኔንም ዙሌይካንም አየችና ሀዊን ጠጋ ብላ ጠየቀቻት። "እናትሽ የቷ ናት?"

ሀዊ ሳታመነታ ወደ ዙሌይካ ጠቆመች። ሐኪም ቤት እንዲህ በይ ብለን ያስጠናናት እኛው ነን፤ በትክክል ስትመልስ ከረሜላ የምሰጣትም እኔ ነበርኩ። በቀረችው ዓይኗ እያየችኝ መዳፏን ዘረጋችልኝ።