የግራው መዝጊያ

በዚያ ዓመት ሦስት ወር ሙሉ ዘነበ። ወንዙ ድልድዩን ይዞት ሄደ፤ እንጨቱም ጨውም መድኃኒቱም ማዶ ቀረ። ቀጥሎ ንዳድ ገባ። መጀመሪያ የሞቱት በሳጥን ተቀበሩ፤ ሳንቃ ሲያልቅ በሰሌን፣ ሰሌን ሲያልቅ በለበሱት ልብስ። የአናጢው ሚስት የሞተችው ሰሌንም ካለቀ በኋላ ነው። ልጃቸው ያኔ ስምንት ወሯ ነበር።

ከዚያ ሃያ አራት ዓመት አለፈ።

አናጢው ሜትር አይወድም። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ቀጭን ዘንግ ያበጃል፤ ቁመቱንም ወርዱንም በቢላ እየጫረ እዚያው ላይ ያሰፍራል። ሥራው ለባለቤቱ ሲደርስ ዘንጉን እሳት ውስጥ ይከተዋል። "ያለቀ ሥራ ልኩ አይቀመጥም" ይላል። ከሚሠራበት ክፍል ግድግዳ ላይ ግን አንድ ጭስ ያጠቆረው ዘንግ የልጅቱን ዕድሜ ያህል ተሰቅሎ ኖሯል። በትንሽነቷ ትጠይቀው ነበር።

"አባዬ፣ ይሄ የማን ነው?"

"ያላለቀ ሥራ ነው።"

"መቼ ያልቃል?"

"መጋዙን አቀብዪኝ።"

አሁን ልጅቱ ልታገባ ነው። እጮኛዋ ሾፌር ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ደህና ነው። አዳራሽ ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ዞረዋል። የመጀመሪያው ሆቴል መስታወት በመስታወት ነበር፤ ልጅቱ "ሰው ሁሉ ራሱን ሲያይ ሊውል ነው" ብላ ወጣች። ሁለተኛው ምድር ቤት ነበር፤ እጮኛዋ "እዚህማ ሚዜዎቹ ጋራዥ መስሏቸው ዘይት እንቀይር ይላሉ" አለ። የቀረው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ ቤት ነው። ድሮ የባላባት መኖሪያ ነበር፤ ኋላ ባዶውን ቀረ፤ አሁን ሆቴል ሆኗል።

"አባዬ፣ አንተም ና። እንጨቱን አይተህ ትነግረኛለህ።"

አናጢው ወገቤን አለ። ሥራ አለብኝ አለ። ልጅቱ ኮቱን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሄደ።

ደረጃው ድንጋይ ነው፤ መሃል መሃሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል። አናጢው ወደ ታች ሳያይ ወጣው። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ በረጃጅሙ መስኮት የገባው የከሰዓት ፀሐይ የሳንቃው ወለል ላይ ተኝቷል። ልጅቱ ሄዳ መሃል ላይ ቆመች።

"ይሄ ነው" አለች። ከዚያ ዞር አለች። "ውይ! በሩስ?"

በሩ ባለሁለት መዝጊያ ነው። የቀኙ ጥቁር ወፍራም እንጨት፣ ከላይ እስከ ታች የወይን ሐረግ የተቀረጸበት። የግራው ቡናማ ቀለም የተቀባ ስስ ኮምፔንሳቶ።

"ግማሹ ጌታ ግማሹ ሎሌ" አለ እጮኛዋ። "ሙሽራዋ በየትኛው ልትገባ ነው?"

ቤቱን የምታሳያቸው የሆቴሉ ኃላፊ አፈረች። "ስንረከበውም እንዲህ ነበር። የድሮው ዘበኛ ነፋስ ወሰደው ይላሉ። ሠራተኛው 'በር አስበላ' ነው የሚላቸው። ይኸው መጡ።"

ዘበኛው ዱላቸውን እየተመረኮዙ ገቡ። አርጅተዋል። አናጢውን አንድ ጊዜ አዩት፤ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

"እውነት ነፋስ ነው ጋሼ?" አለ እጮኛዋ። "ይሄን ሁለት ሰው የማያነሳውን?"

"የዚያን ዓመት ነፋስ መች አየኸው" አሉ ዘበኛው። "እንኳን በር፣ ሰው ወስዷል።"

ልጅቱ ኮምፔንሳቶውን በጣቷ አንኳኳች። "ፎቶው ሁሉ እዚህ ፊት ነው የሚሆነው። እሺ፣ ሌላ እንፈልግ።"

አናጢው እፎይ አለ። ዝም ቢል ይወጣሉ፤ በቃ። ዝምታን ደግሞ ለምዶታል። ልጅቱ ግን ደፉ ላይ ስትደርስ ተመልሳ ወለሉ ላይ ያለውን ፀሐይ አየች። እናቷም እንዲሁ ነበር ያየችው። እሱ እዚህ መስኮት ሲጠግን ምሳ ይዛለት መጥታ፣ ልጇን እንዳዘለች ቆማ፣ "ይሄ አዳራሽ ሠርግ ያምረው ነበር" ብላ ነበር። የእነሱ ሠርግ ሁለት ምስክር ፈርሞ የተለያየበት ነው።

"መዝጊያውን እኔ እሠራዋለሁ" አለ አናጢው።

"ሜትር ላምጣ?" አለች ኃላፊዋ።

"ልኩ አለኝ።"

ዘበኛው ሳቅ አመለጣቸው። "ለክቶ የሚሰርቅ ሌባ በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው ያየሁት።"

ልጅቱ አባቷን አየች፤ አባቷ መሬት መሬቱን አየ። እጮኛዋ በመኪናው አድርሷቸው ሄደ። ቤት ሲገቡ አናጢው ጥቁሩን ዘንግ ከግድግዳው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"እናትሽን በባዶ አፈር ውስጥ ማስገባት አቃተኝ" አለ። "ማለዳ እዚያ ቤት ሄድኩ። ዘበኛው በሩ ሥር ተቀምጠዋል። መዝጊያ ልወስድ ነው አልኳቸው። ለምን አላሉኝም። 'ትመልሰዋለህ?' አሉኝ። እመልሳለሁ አልኩ። ፊታቸውን አዞሩ። ለክቼ ስነቅለው ግን ከበደኝ፤ መጥተው አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።"

"እና እስከ ዛሬ?"

"እንጨት ሲመጣ ጉልበት አልነበረኝም። ጉልበት ሲመጣ እዚያ በር ፊት መቆም አቃተኝ። ስድቡን እሳቸው ተሸከሙልኝ።"

ልጅቱ ዘንጉን አንስታ አገላበጠችው። በአንደኛው ፊት ብዙ ጭረት አለ። በሌላኛው አንድ ብቻ።

"ይሄስ?"

"የእሷ ቁመት ነው። ለሳጥኑ የለካሁት።"

ከእናቷ የቀረ ፎቶ እንኳ የለም። ልጅቱ ጫማዋን አወለቀች፤ ዘንጉን ከግድግዳው አስደግፋ ጀርባዋን ሰጠችው። "እየኝ" አለች።

ጭረቱ ከቅንድቧ ትይዩ ነበር።

"አጭር ነበረች!"

"አጭር ነበረች። መስታወት ለማየት የመሮዬ ሳጥን ላይ ትወጣ ነበር። ሁለት መሮ ሰብራብኛለች።"

ልጅቱ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ።

አናጢው ሁለት ወር ሠራ። ሐረጉን ከቀኙ መዝጊያ ላይ እያየ ቅጠል በቅጠል ቀረጸው። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው እጮኛዋ መዝጊያውን በመኪናው አደረሰው። "አማቼ በር ሰጥተው ነው የዳሩኝ፤ ለሌላው ሰው ቤት ነው የሚሰጡት" እያለ ከሠራተኞቹ ጋር ተሸክሞ አስገባው።

ማጠፊያው ከተመታ በኋላ ዘበኛውን ጠሩ። ዘበኛው የግራውን መዝጊያ ገፉት፤ ከቀኙ ጋር ተገናኘ። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ከፈቱት። ደግመው ዘጉት።

"ገጥሟል" አሉ።

"አዘገየሁት ጋሼ።"

"ነፋስ ነው፣ ምን ይደረጋል።" ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። "እናንተ! ከነገ ጀምሮ ሌላ ስም ፈልጉልኝ።"

አናጢው ወደ ጓሮ ወጣ። የዘበኛው ምድጃ እንደነደደ ነው። ዘንጉን ከብብቱ አወጣው። ልጁ ተከትላው መጥታ ነበር፤ እሳቱን አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አናጢው ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መላጊያውን አነሳ። የበሩ ልክ ያለበትን ፊት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ላገው፤ ጭረቱ ሁሉ እየተጠቀለለ ወረደ። ፍቅፋቂውን አፍሶ እሳቱ ውስጥ ጨመረው።

የቀረውን ዘንግ ለልጁ ሰጣት።

"አለቀ?" አሉ ዘበኛው ከኋላ።

"የበሩ አለቀ" አለ አናጢው።